ጊታር ስሰማ ለቅሶ ደረሱኝ

እኔን ብሎ የጊታር ዳኛ! ጥርሴ ረግፏል፣ ጉልበቴ ስነሳ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል፣ ፊደል የሚባል ቆጥሬ አላውቅም። እንግሊዝኛ የማውቀው "ሄሎ" እና "ቻርጅ" ብቻ ነው። አማርኛዬም ቢሆን የገበያ አማርኛ ነው፣ ቆጮ እየሸጥኩ የለመድኩት። ይቺ ሴትዮ ናት እንግዲህ ሬዲዮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ሦስተኛው አልበም ከሁለተኛው ይሻላል" ስትል የከረመችው። ምን አገባሽ በሉኝ። የሰፈሩ ሰው ሲስቅብኝም አልቆጣም፤ እኔው ነኝ ቀድሜያቸው የጀመርኩት።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ አወራለሁ፣ መጻፍ የሚችል ይጻፈው።

ቤቴ ሆሳዕና ዳር ነው፣ ወደ ሌሞ ገጠር በሚወስደው መንገድ ላይ። የገበያ ቀን የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የእንሰት ጓሮዬ አለ፣ ከፊት ለፊት የጎረቤቴ ሱቅ። የጎረቤቴ አባት ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷም ሱቁንም ምላሱንም ወርሳቸዋለች። ነገር ማለሳለስ አታውቅም። "ዘይት አልቋል" የምትለውና "አርጅተሻል" የምትለው በአንድ ድምፅ ነው። እወዳታለሁ፣ ግን እንዳትሰማ።

ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ልጄ ዶዮገና አግብታ ኑሮዋ እዚያው ነው። የመጀመሪያ ልጇን ጡት እንደተወ ወስጄ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። "እማማ" ይለኛል። እኔ እንሰት ስፍቅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያወራልኝ ነበር። ስለ ኳስ ያወራል፣ ስለ አስተማሪው የተቀደደ ካልሲ ያወራል፣ የሚያወራው ሲያልቅበት ያየውን ሕልም ይፈጥራል። ወሬ እየጠጣ ነው ያደገው። ከዚያ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሲሄድ አላለቀስኩም። "የጫማህን ክር እሰር፣ የሰው አገር ሄደህ ተደናቅፈህ እንዳታሰድበኝ" አልኩት። ስቆ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ባጃጁ ከታጠፈ በኋላ የሆነውን ላሜ ታውቃለች፣ ሌላ ሰው አላየም።

እዚያ የሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ይደውልልኛል። እኔም ስልኩን ደረቴ ውስጥ አድርጌ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ወሬው አያልቅም ነበር። ቆይቶ ግን እንደ ሳሙና እያለቀ ሄደ።

"እማማ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ላሟስ?"

"ደህና ናት። ትጠይቅሃለች።"

"ዝናብ አለ?"

"አለ።"

ከዚያ ዝም። ስልኩ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ፣ እሱን እናዳምጣለን። "በይ እሺ እማማ" ይላል። "እሺ" እላለሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ቤቱ እንዴት ሰፊ እንደሆነ የማየው። ሁለት ክፍል ቤት እኮ ነው! ግን ያኔ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ በእግር የማይደረስ ይመስለኛል። ፈራሁ። አንድ ቀን "ደህና ነሽ" ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ እሷም ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ጠልቶኝ አይደለም። ወሬ አልቆብን ነው። ሰው ከሰው እንዲህም ይጠፋፋል።

አንድ እሁድ በዚያ ዝምታ መሀል ከኋላው አንድ ሰው ሲጮህ ሰማሁ።

"ማነው የሚጮኸው? ጥርሱን እየነቀሉት ነው?"

ሳቀ። እንደዚያ ከሆዱ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

"ዘፈን ነው እማማ። የምወደው ባንድ ነው።"

"ይሄ ዘፈን ከሆነ የኔም ላም ዘፋኝ ናት።"

ደግሞ ሳቀ። እኔም እዚያው በሩ ላይ ወሰንኩ። "ላክልኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ጩኸቱን ነዋ። ያለውን ሁሉ ላክ። እያዳመጥኩ በየሳምንቱ ስድቡን አቀርብልሃለሁ።"

እንዲህ ነው የገባሁበት። ሙዚቃ ወድጄ አይደለም፣ አትሳሳቱ።

ሮክ ነው አለኝ፣ ኢንዲ ሮክ። ኢንዲ ማለት ትልቅ ኩባንያ ያልያዛቸው፣ ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው የሚሸጡ ማለት ነው አለኝ። "ታዲያ እንደኔ ቆጮ ሻጭ በለኛ" አልኩት። "አዎ እማማ፣ አንቺም ኢንዲ ነሽ።" በስተርጅና ማዕረግ አገኘሁ። ስድስት አልበም አላቸው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ነው የሚሰማው፣ መዝለል ክልክል ነው ብሎ አስማለኝ።

ገበያው አጠገብ ያለ ሞባይል ቤት ላከውና ፍላሽ ላይ ጫኑልኝ። የምትጭነው ልጅ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።

"እማማ፣ ለማን ነው?"

"ለኔ ነው።"

"መዝሙር ልጨምርልሽ?"

"መዝሙሩን ከቤተ ክርስቲያን እሰማለሁ። አንቺ ጩኸቱን ጫኝ።"

አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ነካቻት። እኔም ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ እንደ ትልቅ ሰው ወጣሁ፣ ውጭ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት እንሰት ስንፍቅ ነው። እንሰት ሲፋቅ የሰፈር ሴቶች ተጠራርተን ነው፤ ዛሬ የኔ ከሆነ ሌላ ቀን የሷ። በተጋደመ ጣውላ ላይ ልጡን በአንድ እግር ተጭነን በቀርከሃ እንፍቃለን፤ ወሬውም አብሮ ይፋቃል። የዚያን ቀን ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ፍላሹን ሰካሁ። ወይ ጉድ! ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ መሰለ። ከበረዶው ሥር ደግሞ አንድ ወጣት፣ ከእናቱ እንደተለየ ጥጃ።

"ይሄ መዝሙር ነው ዘፈን?" አለች አንዷ። እሷ ጴንጤ ናት፣ ዘፈን አትሰማም።

"የልጅ ልጄ የላከው ነው።"

"እሱን መች ጠየቅኩሽ?"

"ቃሉ አልገባኝም። ያልገባኝ ነገር ኃጢአት አይሆንብኝም።"

"እኔም አልገባኝም" አለች ሌላዋ፣ "ግን እግሬ መነቃነቅ ጀምሯል።"

ጎረቤቴ ሱቋን ዘግታ መጥታ ነበር። ቀርከሃዋን አቁማ ትንሽ አዳመጠችና "ይሄ ልጅ ምን ጠፋበት? ላሙ ነች ሚስቱ?" አለች።

"አንቺ ዝም ብለሽ ፋቂ።"

እሁድ ሲደውል "ደህና ነሽ" እስኪል እንኳን አልጠበቅኩም። "ጥሬ ነው" አልኩት። "ምኑ?" "የመጀመሪያው አልበም። ገና ሳይብላላ ከጉድጓድ ያወጡት ቆጮ ነው። እጃቸው ጥሩ ነው፣ ግን ተቻኩለዋል።" እሱ ደግሞ ተከራከረኝ። ጋራዥ ውስጥ ነው የቀዱት፣ ውበቱ ራሱ ጥሬነቱ ነው አለኝ። "እሺ፣ አንተ ጥሬ ቆጮ ብላ፣ ሆድህን ሲነፋህ እንዳትደውልልኝ" አልኩት። ብዙ አወራን። ስልኩ ሲዘጋ ጆሮዬ ግሎ ነበር። ቤቱ ያን ቀን ሁለት ክፍል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው አልበም ጭብጨባ የበዛበት ነው። አንዱን ዘፈን ላሟን ሳልብ እከፍተዋለሁ፣ በምቱ ነው የማልባት፣ እሷም ለምዳዋለች። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ቀስ ይላሉ። ማንም የማይዘፍንበት አንድ ረጅም ዘፈን አለ፣ ከሥር ጉርምርም የሚል ወፍራም ክር ብቻ ይሰማል፣ ሩቅ እንዳለ ነጎድጓድ። ዝናብ እየዘነበ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፣ ዝናቡና ዘፈኑ ተደባለቁብኝ። ምን ይላል ብዬ ስጠይቀው "ምንም አይልም እማማ፣ ቃል የለውም" አለኝ። "አይ፣ ይላል" አልኩት። ዝም አለ። የዚያን ጊዜው ዝምታ ግን አላስፈራኝም፣ ሁለታችንም አንድ ነገር ይዘን ነው ዝም ያልነው።

አራተኛውን ስሰማ ያ ጉርምርም የሚለው የለም።

"ያ ወፍራም ክር የት ገባ?" አልኩት እሁድ።

"ቤዝ ጊታሩን ማለትሽ ነው? የሚጫወተው ልጅ ወጣ። ወደ ቤተሰቦቹ ተመለሰ፣ አሁን እርሻ ላይ ነው አሉ።"

"ጎበዝ! ይሄ ልጅ ልብ አለው። አሁን አያቱ አተካና ሠርታ እያበላችው ይሆናል።" አተካና ከቡላ፣ ከቅቤና ከአይብ የምንሠራው ምግብ ነው። የልጅ ልጄ ሲበላ ጣቱን አብሮ ይበላ ነበር።

መቀለዴ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። "እሺ እማማ" አለ። "በይ እሺ" አለ። ተዘጋ።

በሚቀጥለው እሁድ አልደወለም።

ኔትወርክ ነው አልኩ። የሚቀጥለውም እሁድ አልደወለም። እኔ ስደውል የማላውቃት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ታወራኛለች። "እኔ እሱን ነው የፈለግኩት" ብላት አትሰማም፣ ንግግሯን ጨርሳ ትዘጋለች። እሁዶቹ እየተከታተሉ መጡ። ከቅዳሴ እመለሳለሁ፣ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ስልኩ ደረቴ ላይ ይሞቃል እንጂ አይጮህም። አምስተኛውን አልበም ሰምቼ ስድቡን አዘጋጅቼ ነበር፤ የምሰጠው ሳጣ ለላሟ ነገርኳት። "ተናደዋል እነዚህ ልጆች፣ ከቤዙ በኋላ የሚጣሉ ይመስለኛል" አልኳት። እሷም ታኝካለች።

ሰው ጠይቂ ትሉኝ ይሆናል። የጎረቤቴ የወንድሟ ልጅ እዚያው አገር ነው። እድራችን ውስጥ ልጅ እዚያ የሌለው ቤት ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። አንድ ስልክ ነበር የሚበቃው። አልጠየቅኩም። ከጠየቅኩ መልስ ይመጣል። እኛ ሰፈር ደግሞ ከዚያ አገር መልስ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ፦ በማለዳ ሰዎች በርከት ብለው፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ አንድ ቤት ሲሄዱ ታያላችሁ። የቤቱ ባለቤት ገና በሩን ሲከፍት ፊታቸውን አይቶ ያውቃል። እኔ ራሴ ስንቱን መርዶ አብሬ ሄጄ አርድቻለሁ። ስለዚህ በማለዳ በሬን ስከፍት መጀመሪያ መንገዱን አያለሁ። ማንም የለም። እሰይ እላለሁ፣ ላሟን አልባለሁ።

ስድስተኛውን አልበም አልከፈትኩትም። የመጨረሻው እሱ ነው። እሱን ከሰማሁ የማወራው ያልቃል፣ ያን ጊዜ ቢደውል ምን እለዋለሁ? እንደ ቆጮ ጉድጓድ ዘግቼ አስቀመጥኩት። አምስተኛው ሲያልቅ እየሮጥኩ ሄጄ አጠፋለሁ፤ በዚህ ጉልበት ሩጫ ከተባለ።

እንግዲህ ያ ጠዋት መጣ። መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር፣ ሬዲዮኑም ዝም ብሎ ነበር። ጓሮ ሆኜ ጉድጓዱን ከፍቼ የቆጮውን ቅጠል ስቀይር መብራት መጣና ሬዲዮኑ ካቆመበት ብድግ አለ። ድምፁን ድሮ እስከ ጥግ ከፍቼው ኖሯል። አምስተኛው አልበም ላይ መጨረሻው ጩኸት ብቻ የሆነ ዘፈን አለ፤ ያ የሚዘፍነው ልጅ የሆዱን ሁሉ አውጥቶ "ኣኣኣ" ይላል። እሱ ነው የመጣው። እጄ በቆጮ እንደተለወሰ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ እኔም አብሬው ጮህኩ። ማን ይሰማኛል ብዬ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቀልዱ ጠፋ፣ ጩኸቱ ግን አላቆመም። እንባዬም መጣ። እሱ "ኣኣኣ" ሲል እኔም "ኣኣኣ"፣ እሱ ሲተነፍስ እኔም ስተነፍስ።

ጎረቤቴ የሱቋን መዝጊያ እየከፈተች ነበር። ለካ ሰምታ ሰፈሩን ጠርታለች።

ቀና ስል ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች በአጥሩ በር ስትገባ አየኋት። ከኋላዋ እነዚያ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች። ከነሱ ኋላ የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ከሁለት ሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ተሸክመው። ማለዳ ነው። ብዙ ናቸው። ፊታቸውን አየሁት።

"ልጄን!" ብዬ መሬት ላይ ወደቅኩ።

ጎረቤቴ ላዬ ላይ ወደቀች። "አንቺ የኔ ምስኪን፣ ምን ይዋጥሽ!" እያለች ታለቅሳለች። ሴቶቹ ዙሪያዬን ያዙኝ። አንዷ እጄን ይዛ በቆጮ ተለወሰች። ጥርሱን፣ ሳቁን እየጠሩ ያለቅሱልኝ ጀመር። እኔም እያለቀስኩ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፦ ስድስተኛውን ሳንሰማ። ሬዲዮኑ ደግሞ አልሰማ ብሎ ጩኸቱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ዘፈን ገባ፣ ከበሮ ድም ድም ድም።

ያኔ ነው የእድሩ ዳኛ ወንበሩን አስቀምጠው የጠየቁት። "ማነው መርዶውን ያረዳት? ብቻዋን እያለች? ይሄ ሥርዓት ነው?"

ሁሉም ተያየ።

"እኔ ስመጣ ታለቅስ ነበር" አለች ጎረቤቴ።

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ ዳኛው ጎንበስ ብለው።

"እናንተ ናችኋ!"

"እኛ ምንም አልሰማንም። አንቺ ስትጮሂ ነው የመጣነው።"

"እኔ... እኔ ዘፈን እየዘፈንኩ ነበር።"

ከበሮው ብቻ ድም ድም። ጎረቤቴ ከላዬ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። "ይሄን ነው ዘፈን የምትዪው?" አለች።

አንዷ መሳቅ ጀመረች፣ ሌላዋ አፏን ያዘች። ግን ሳቁ አልዘለቀም። ምክንያቱም ሞተ ያለ እንደሌለ ሁሉ አለ ያለም የለም። ሁሉም ያውቃል፣ እሁዶቼን ሲያዩኝ ከርመዋል። እኔ ብቻ ነበርኩ የደበቅኩ የመሰለኝ። ዳኛው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና "ከመጣን አይቀር ይጣራ" አሉ። ወንዶቹ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ሰሌን ዘርግተው ተቀመጡ፣ እኔንም መሀል አስቀመጡኝ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። አንዱ ለልጁ፣ አንዷ ለባሏ፣ ጎረቤቴ ለወንድሟ ልጅ። ያ ግቢ የስልክ ቤት ሆነ። "ሄሎ! እማማ ቤት ለቅሶ ላይ ነን! አይ፣ ለቅሶ አይደለም! ሄሎ!" ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ግማሹ ይደርሳል ግማሹ ይቀራል። እኔ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ቁጭ ብዬ አፍ አፋቸውን አያለሁ። እግዚአብሔር ለጠላቴም አይስጠው።

ፀሐይዋ እንሰቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ደረቴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ጎረቤቴ ከፍታ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

እያለቀሰ ነው። "ሄሎ፣ ማነው ስልኩን የያዘው? ማነው? መቼ ነው የሞተችው?"

"ማን ናት የሞተችው?"

"...እማማ?"

"አቤት።"

"እማማ፣ አልሞትሽም?"

አየር ሳብኩ። ልለው የፈለግኩት ሌላ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን እንዲህ የሚል ነው፦ "ሞቻለሁ እንጂ። ለቅሶዬ ላይ ተቀምጬ ነው የማናግርህ። ብዙ ሰው መጥቷል፣ አላሳፈሩኝም።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ሳይቀሩ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እሱም እያለቀሰ ሳቀ፣ ንፍጡ ሁሉ ይሰማኛል።

የሚሠራበትን ሱቅ ሌቦች ገብተው ዘርፈውት ነበር፣ ስልኩንም ወስደዋል። እሱን አልነኩትም፣ ሥራው ግን ቀረ። ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ያገሩ ልጆች ጋር ተጠግቷል። "ታዲያ የሰው ስልክ የለም? ቁጥሬን የሚያውቅ ጠፋ?" አልኩት።

"አለ እማማ።" አፍንጫውን ሳበ። "የምነግርሽ ደህና ነገር አጣሁ። ደህና ነገር ሲገኝ እደውላለሁ እያልኩ ነው።"

ይሄን ሲለኝ ሳቄ ቆመ። እኔ ወሬ እንዳያልቅብኝ አልበም ስቆጥብ፣ እሱ ደግሞ ደህና ወሬ ሲጠብቅ። ሁለታችንም በየቤታችን ቁጭ ብለን።

"ስድስተኛውን አልሰማሁትም" አልኩት።

"እስካሁን?"

"መዝለል ክልክል ነው አላልክም? ያላንተ መስማትም ክልክል ነው ብዬ ነው።"

"በይ ክፈቺው" አለ።

ከፈትኩት። ጎረቤቴ ስልኩን ሬዲዮኑ አጠገብ ያዘችው። ስድስተኛው አይጮህም። አንድ ጊታርና ያ ልጅ ብቻ ናቸው፣ የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ እንኳን ይሰማል። ድምፁ ወፍሯል፣ ጎልምሷል። ያ ሁሉ ለቀስተኛ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ አዳመጠ። ወንዶቹ ለቅሶ ላይ እንደሚያደርጉት መሬት መሬት እያዩ ነው። ያቺ ጴንጤዋ እንኳን አልተነሳችም፣ "መዝሙር ይመስላል" አለች ቀስ ብላ። ስልኩ ውስጥ የልጄ ትንፋሽ ይሰማል፣ እዚያም እያዳመጠ ነው። ቀስ እያሉ ሰዎቹ ከወንበሩ ተነሱ፣ ትከሻዬን እየነኩ ወደየሥራቸው ሄዱ። ሲያልቅ እኔና ጎረቤቴ ብቻ ቀርተን ነበር።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ይሄኛው በስሏል። ይሸጣል።"

"ከዚህ በኋላ የለም እማማ። ተበትነዋል፣ ሌላ አያወጡም።"

"ሁሉም ወደየቤታቸው ተመለሱ?"

"እሱን አላውቅም።"

ከዚያ ያቺ ሽሽሽ መጣች። አዳመጥናት። "በይ እሺ እማማ፣ ስልኩ የሰው ነው። እሁድ እደውላለሁ" አለ።

"እሺ። እስከዚያ ሌላ ባንድ ፈልግልኝ" አልኩት። "ሰነፍ ያልሆነ፣ ብዙ አልበም ያለው።"

ሳቀ፣ ተዘጋ።

ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ግቢው የሰው እግር ረግጦት ጭቃ ሆኗል። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነው፣ ቆጮው ንፋስ ገብቶበታል። አግዳሚ ወንበሩን ጥለውት ሄደዋል፣ በሰፊው ግቢ መሀል ብቻውን ቆሟል። ቤቱን ከውጭ ሳየው ደግሞ ሰፍቷል።

"ድምፁ ግን ደህና ነው አይደል?" አልኳት ጎረቤቴን። "ሲስቅ ሰማሽው አይደል? ስለ ስድስተኛው ያልኩትን ወዶታል።"

እሷ ሰሌኑን እያጠፈች ነበር። ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችውና ወደ ሱቋ መሄድ ጀመረች። አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለልጁ 'ናፈቅከኝ፣ ና' ማለት አቅቶሽ ነው እኮ ሰፈሩን ሁሉ የፈረንጅ ጩኸት ያሰማሽው" አለችኝ።